መዝገብ ቤት ውስጥ ወድቃ እጇ ተሰበረ፣ የተሞላላት ግን የሕመም ፈቃድ ነው። ልክ ነው?

የታቦር ልጅ · ሰኞ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ጥያቄው የባልደረባዬ ነው። እሷ እዚህ አትገባም፣ አሁን ደግሞ እጇ ለመጻፍ አይመቻትም።

መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ክፍሉን ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። መደርደሪያው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ማህደሩ በሲባጎ እየታሰረ ተቆልሏል፣ መሬት ላይ የተረፈው ደግሞ በጆንያ ነው። ባለጉዳይ የሚፈልገው ማህደር ሁልጊዜ የድሮው ነው፣ የድሮው ደግሞ ሁልጊዜ ላይ ነው። መሰላል የለም። ፕላስቲክ ወንበር ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ይወጣል። በመስኮት በኩል "ቶሎ በይ እንጂ እህት" የሚል አይጠፋም። ባለፈው ወር የወንበሩ እግር ከዳትና ከነማህደሩ ወረደች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ፣ ወገቧም ተመታ።

ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል የወሰድናት እኛው ነን። ካርዱ፣ ራጁ፣ ጄሶው፣ መድኃኒቱ ሁሉ ከእሷ ኪስና ከእኛ መዋጮ ነው የወጣው። በማግስቱ ባለቤቷ የሐኪም ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሰው ሀብት ቅጽ ሰጠው፣ ሞልቶ ሄደ። ቅጹ የሕመም ፈቃድ ነው። አሁን እሱ እየተቆጠረባት ነው። ወገቧ ግን ገና አልተሻላትም። ኃላፊውን ስናናግረው "ወንበር ላይ ውጪ ያላት ሰው የለም" አለን። እውነቱን ነው፣ ማንም አላላትም። ግን መሰላል ይገዛልን ብላ የጻፈችው ማስታወሻ አለ፣ ኮፒውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ይሄ ሕመም ነው ወይስ የሥራ ላይ ጉዳት? ያወጣችውን ገንዘብስ ማን ይመልስላታል?

ባለ ሰማያዊ ባጃጅ · ሰኞ ከምሽቱ 1፡34

የእኛ ቢሮ መሰላል አለው። ያለው ግን ኃላፊው ቤት ነው።

ጡረተኛው · ሰኞ ከምሽቱ 2፡05

ልጄ፣ ጉዳዩን ያበላሸው ያ ቅጽ ነው። ዕድሜዬን በሰው ኃይል አስተዳደር ነው የጨረስኩት፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ስንቴ አይቻለሁ።

የሕመም ፈቃድ ጣሪያ አለው። እየቆየ ሲሄድ ደመወዝ ይነካል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መስመሩ ሌላ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከተጎዳ፣ ድኖ ሥራ እስኪመለስ ወይም ሐኪም "ከእንግዲህ ለዘለቄታው መሥራት አይችልም" ብሎ እስኪወስን ድረስ ደመወዙ ሳይነካ የጉዳት ፈቃድ ያገኛል። የሕክምና ወጪውንም መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል። ለዓመታት የሠራንበት የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 ይል የነበረው ይህንን ነው። እናንተ የክልል ሠራተኞች ናችሁ፣ ስለዚህ የምትተዳደሩት በክልሉ የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ነው። ደብዳቤ ስትጽፉ የፌዴራሉን ቁጥር ከጠቀሳችሁ "ይህ እኛን አይመለከትም" ብለው ይመልሱላችኋል። አንቀጹን ከክልሉ አዋጅ አውጡ።

የኃላፊው ነገር ውሃ አያነሳም። አደጋ የሚባለው ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ የሚደርስበት ነው። ማህደር ማውረድ ሥራዋ ነው፣ ለጉብኝት አይደለም የወጣችው። ሰክራ ቢሆን ወይም ሆን ብላ ራሷን ብትጎዳ ሌላ ነገር ነበር።

አሁን ማመልከቻ ትጻፍ። ባለቤቷ ቢጽፈውና እሷ በግራ እጇ ብትፈርምም ይሆናል። "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ሥራ ስሠራ ወድቄ ተጎድቻለሁ፤ የሕመም ፈቃድ ተብሎ የተያዘው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ይስተካከልልኝ፤ ያወጣሁት ወጪ ይተካልኝ" ይበል፣ ሌላ ሐተታ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ቀን የሐኪም ካርድ፣ የራጅ ውጤቱ፣ ደረሰኞቹና ያቺ የመሰላል ማስታወሻ ይያያዙ። ደግሞ የዚያን ዕለት የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ፊርማ ኮፒ አንሱ። የመግቢያ ፊርማዋ አለ፣ የመውጫው የለም። ይህ ከአምስት ምስክር ይበልጣል።

የታቦር ልጅ · ሰኞ ከምሽቱ 2፡18

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የፊርማውን ነገር አላሰብነውም ነበር። ግን አንድ ችግር አለ። ወድቃ ያገኟት ሁለቱ ልጆች መፈረም ፈርተዋል። "ከኃላፊው ጋር አታጣሉን" ነው የሚሉት።

ጡረተኛው · ሰኞ ከምሽቱ 2፡31

ማንንም አትክሰሱ በያቸው። "ድምፅ ሰምተን ስንገባ መሬት ላይ ወድቃ፣ ማህደር ተበትኖ አገኘናት፣ በባጃጅ ወሰድናት" ብለው ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ጥፋቱ የማነው የሚለውን እነሱ አይመልሱም። ካልፈረሙም የሆስፒታሉ ካርድና የፊርማ መዝገቡ ይበቃሉ።

እኔም ኃላፊ ነኝ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡02

ሁሉም ሰው ኃላፊ ላይ ሲዘምት ደስ ይለዋል፣ እኔም የሌላውን ወገን ልናገር። ለሕክምና የሚያዝልን በጀት ዓመቱ ሳይጋመስ ያልቃል። ፋይናንስ ደግሞ ያለ በጀት መደብ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ሌላም አለ። እሁድ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ሰኞ "ደረጃ ላይ ወደቅሁ" ያለኝ ሠራተኛ ነበረኝ። ኳሱን ሲጫወት እኔም ሜዳው ዳር ነበርኩ! ስለዚህ ጉዳት ነው ብሎ የመጣውን ሁሉ ዝም ብለን አንፈርምም።

የልጅቷ ጉዳይ ግን ግልጽ ይመስለኛል። መስተካከል አለበት።

ጡረተኛው · ሰኞ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ በጀት ካለቀ መብቱም ያልቃል የሚል አንቀጽ እኔ አላየሁም። ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል፣ ከሌላ መደብ ይዛወራል፣ መንገዱ ይታወቃል። መኪና ሲበላሽ እኮ ይገኛል።

የኳሱ ልጅ ነገር እውነት ነው፣ እኔም አጋጥሞኛል። ግን የሚደፈነው እምቢ በማለት አይደለም። የጉዳት መዝገብ ይኑራችሁ። አደጋ በደረሰ ዕለት የቅርብ ኃላፊው ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የነበሩት ሰዎች ይጻፉ። ሰኞ ጠዋት የመጣ እሁድን ወደ ሰኞ ሊያዞር የሚችለው መዝገብ በሌለበት ቤት ነው።

ፍሳሽ መስመር · ሰኞ ከምሽቱ 4፡10

ከእኛ ጋር ያለውን ልዩነት ልጨምር። እኔ የልማት ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራዬ የፍሳሽ መስመር ነው። የከተማው ሰው ሁላችንንም "ማዘጋጃ ቤት" ነው የሚለን፣ ሕጋችን ግን ለየቅል ነው። እኛን የሚገዛን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። በእሱ መሠረት አሠሪው ባያጠፋም ለጉዳቱ ተጠያቂ ነው። ጊዜያዊ ጉዳት ሲሆን የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ከዓመት አያልፍም። ስለዚህ እናንተ የቢሮ ሰዎች "እስኪድን ሙሉ ደመወዝ" የሚለውን እንደ ቀላል አትዩት።

ሥራውን በተመለከተ፣ ማንሆል ውስጥ የሚገድለው ጥልቀቱ አይደለም። ጋዙ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሰው "ሽታው ጠፋ፣ ጸድቷል" ብሎ ይገባል። ጋዙ ሲበዛ ግን ራሱ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት የባሰው መጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። አንዱ ገብቶ ሲወድቅ ጓደኛው "ልድረስለት" ብሎ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል። በየአገሩ የሚሰማው የማንሆል ሞት ብዙው እንዲህ ነው፣ ሁለት ሦስት ሆነው።

እኛ ጋ አሁን ደህና ነው። ክዳኑ ቀድሞ ይከፈታል፣ አየር ይነፋበታል፣ በመለኪያ ይታያል። የሚገባው በገመድ ይታሰራል፣ ከላይ የሚጠብቀው ሰው ምንም ቢፈጠር አይገባም፣ ይጎትታል። ይህ የመጣው ማህበራችን ጮሆ ነው። ድሮ ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ነበር። ሚቴን ካለ ደግሞ ክብሪቱ ራሱ ነው የሚያፈነዳህ።

ባለ ሰማያዊ ባጃጅ · ሰኞ ከምሽቱ 4፡16

ከዛሬ ጀምሮ ማንሆል ላይ ባጃጅ አላቆምም።

የጠራጊዋ ልጅ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡40

እናቴ ጎዳና ጠራጊ ናት። ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው፣ ሰው ሥራ ሲገባ እሷ ጨርሳለች። ትላንት ማታ ይህን ክር ሳነብላት ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና "መርፌውን ንገሪያቸው" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ የሚጠረገው ቅጠልና አቧራ ነው። ከጫት ቤቶቹ በር ላይ ደግሞ ገረባው በፌስታል ታስሮ ይጣላል። እሱን በእጅ አፍሰው ነው ጆንያ ውስጥ የሚከቱት። ጓንት በዓመት አንዴ ይሰጣል፣ ስስ ስለሆነ ወር አይሞላውም። ከፌስታሉ ውስጥ መርፌ ወጋት። ማን እንደጣለው ማን ያውቃል። በመሃረብ ጠቅልላ ሥራዋን ጨርሳ ቤት መጣች። የነገረችን ከቀናት በኋላ ጣቷ ሲያብጥ ነው። አሁን ደህና ናት፣ ተመርምራ ነፃ ናት። ግን የዚያን ሰሞን ጭንቀት አይጣል ነው።

ቱታውና አንጸባራቂ ሰደርያው ለበዓልና እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ይቺን አልፋታም፣ ይቅርታ።

ሲስተር ከአቶቴ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡25

እናትሽ እንኳን ነፃ ሆኑ። ለሌሎቹ ግን ይሄን ንገሪልኝ፣ በደንብ ይስሙ።

መርፌ የወጋው ሰው ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ደሙ ይውጣ ብሎ አይጭመቀው፣ በረኪናም አያፍስበት። ከዚያ "ሥራዬን ልጨርስ" ሳይል ጤና ተቋም ይሂድ። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። "ቀናት ቆይታ ነገረችን" ስትዪ የደነገጥኩት ለዚህ ነው።

ሰው የሚፈራው ኤችአይቪን ብቻ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን በመርፌ የመተላለፍ ዕድሉ ይበልጣል፣ ቫይረሱም ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ለእሱ ክትባት አለ። ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በ6 ወሩ። ቆሻሻ ለሚያነሳ ሰው ይህን ማስከተብ ለእያንዳንዱ አደጋ ከመሯሯጥ ይረክሳል። ቴታነስም አትርሱ።

ሌላ ነገር። እኛ ጋ ሲመጡ "እንዴት ሆነ?" ስንል "እንዲሁ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው" የሚሉ አሉ። አለቃ ይቆጣል ብለው ነው። ካርዱ ላይ "ቤት ውስጥ" ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ጭንቅ ነው። ሥራ ላይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው በሉ፣ እኛ የምትሉትን ነው የምንጽፈው።

የጠራጊዋ ልጅ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡50

ሲስተር ተባረኪ። አንድ ጥያቄ ለጋሽ ጡረተኛው። እናቴ ቋሚ አይደለችም። በማህበር ተደራጅተው ነው፣ ክፍያውን የሚያገኙት በማህበሩ በኩል ነው። የጉዳት ፈቃድ ምናምን የሚባለው እሷን ይመለከታል?

ጡረተኛው · ማክሰኞ ከቀኑ 6፡12

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሁሉም የከፋው የእናትሽ ቦታ ነው።

ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ጥላ አለው፣ የሲቪል ሰርቪስ አዋጁና የጡረታ አዋጁ። የድርጅት ሠራተኛም 1156 እና ጡረታ አለው። በማህበር የተደራጀ ሰው ግን ከወረቀቱ አንጻር የማንም ተቀጣሪ አይደለም፣ የማህበሩ አባል ነው። ከከተማው ጋር ያለው ውል የአገልግሎት ውል ነው። መንገዱ የከተማው ነው፣ ቆሻሻው የከተማው ነው፣ የወጋት መርፌ ግን የራሷ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ ካልሽኝ፣ ውሉን አንብቡት። ማህበሩ ውሉን ሲያድስ የጓንት፣ የቦት ጫማ፣ የክትባትና የአደጋ መድን ወጪ በዋጋው ውስጥ ይግባ። ዋጋው ላይ ካልተጻፈ ማንም አይጨምርላችሁም። የማህበሩ ሰብሳቢ ጉዳት ሲደርስ ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ ያሳውቅ። መብት ባይሆን እንኳ ሰነድ ይሆናል።

ኮፍያው ይቅር · ማክሰኞ ከምሽቱ 12፡45

ደንብ አስከባሪ ነኝ። መንገድ ላይ የሚነግዱትን እናስነሳለን። ስድቡን ለምደነዋል። ባለፈው ግን ድንጋይ ግንባሬን ፈነከተኝ፣ ተሰፋሁ። ሰው "ይበላችሁ" እንደሚል አውቃለሁ፣ የእነሱንም ችግር አውቃለሁ፣ እህቴም ጉልት ነው የምትቸረችረው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የተመታሁት ከሥራ መልስ ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ወደ ቤት ስንሄድ፣ ከኋላ ተጭነን። ኃላፊዬ "የሥራ ሰዓት አልቋል" አለኝ። እንዴት ነው?

ፍሳሽ መስመር · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡08

መኪናው የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ይቆጠርልሃል። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ባቀረበው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የደረሰ ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ ነው። በራስህ ብር በባጃጅ ብትሄድ ኖሮ ያከራክር ነበር።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30

ትክክል ነው። በጡረታ አዋጁም ትርጉሙ እንዲሁ ነው። ከሥራ ቦታ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭም ቢሆን የመሥሪያ ቤቱን ትእዛዝ ሲፈጽም የተጎዳ ይካተታል። እሳት ተነስቶ ማንም ሳያዝህ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ላድን ብለህ ብትጎዳም ይካተታል። ለፖሊስ አመልክተህ ከሆነ የማስረጃውን ቁጥር ያዝ። ቋሚ ነህ ኮንትራት?

ኮፍያው ይቅር · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡36

ኮንትራት።

ጡረተኛው · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡52

እንግዲያው የጡረታ አዋጁ አይደርስልህም፣ እሱ የቋሚ ነው። የውልህን ወረቀት ፈልግ። የሕክምና ወጪውንና የተኛህባቸውን ቀናት ክፍያ በጽሑፍ ጠይቅ። እምቢ ካሉህ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤቱ ትሄዳለህ። ውልህ ሳይታደስ እንዳይቀር ፈርተህ ዝም እንደምትል ግን አውቃለሁ። ብዙው እንደዚያ ነው።

አቧራ በልቼ · ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡15

እኔ ደግሞ አልወደቅሁም፣ አልተመታሁም። የድሮ ማህደር ስናራግፍ ነው የኖርኩት። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ ወዲህ ወረቀት ከዚህ ወደዚያ ሲዞር የነበረውን አቧራ የበላነው እኛ ነን። አሁን ደረቴ ያፍናል፣ ማታ ማታ ይብስብኛል። ዓመት ፈቃድ ስወጣ ይተወኛል። ይሄስ የሥራ ነው? ባለፈው ዓመት ደግሞ ወባ ሁለቴ ይዞኛል፣ እሱንም ልጨምር እንዴ?

ጡረተኛው · ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡40

ወባውን ተወው። በአካባቢው የተለመደ ወይም የገባ ወረርሽኝ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ተብሎ አይያዝም። ሐዋሳ ላይ ወባ ሁሉንም ይይዛል፣ ባለ ቢሮውንም ባለ ሱቁንም። የሚካተተው ሥራው ራሱ በሽታውን መከላከል የሆነ ሰው ነው። አንተ ማህደር ነው የምታራግፈው።

የደረቱ ነገር ግን ዕድል አለው፣ ከባድ ነው እንጂ። አደጋ ቀንና ሰዓት አለው። በሽታ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የቱን ቀን ትጠቅሳለህ? ከሥራው ጸባይ ወይም ከሥራው አካባቢ የመጣ መሆኑን የሚል የሐኪም ወረቀት ያስፈልግሃል።

ሲስተር ከአቶቴ · ረቡዕ ከቀኑ 7፡20

"ዓመት ፈቃድ ስወጣ ይተወኛል" ያልከውን ለሐኪሙ ንገረው። ዋናው ምልክት እሱ ነው። ሥራ ላይ የሚነሳ፣ ከሥራ ሲራቁ የሚለቅ አስም እንዲህ ነው የሚታወቀው። የሚብስብህንና የሚሻልህን ቀን ደብተር ላይ ጻፍ፣ ቢሮ የገባህበትንና የቀረህበትን ለይተህ። አሮጌ ወረቀት ላይ ሻጋታ አለ፣ የአይጥ ኩስም አለ፣ እንዲሁ አቧራ ብቻ አይደለም። በደረቁ አታራግፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ መስኮት ይከፈት። በኮሮና ጊዜ የቀረችው ስስ ማስክ ለዚህ ብዙም አትረዳም፣ ፊት ላይ በደንብ የምትገጥመዋን ጠይቁ።

እኔም ኃላፊ ነኝ · ረቡዕ ከቀኑ 8፡05

ለማህደር ክፍል ማስክና መሰላል ለሩብ ዓመቱ ግዥ አስገብቻለሁ። አንብቤ ዝም እንዳልል ብዬ ነው። ጋሽ ጡረተኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጉዳቱ ሳይድን ቢቀርስ? እጇ እንደ ድሮው አልሆን ቢላት ምን ታገኛለች?

ጡረተኛው · ረቡዕ ከምሽቱ 12፡30

እግዜር አያምጣው፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ላይ ነው ሰው ገንዘቡን ሳያውቅ ጥሎ የሚሄደው።

ሕክምናው አልቆ የማይድን ጉድለት ከቀረ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ካላነሰና ሰውየው መሥራት ከቻለ ሥራውን ይቀጥላል፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ደግሞ ያገኛል። በ2003ቱ የጡረታ አዋጅ 714 ስንሠራ ስሌቱ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ በጉዳቱ መቶኛ ተባዝቶ ነበር። 6,000 ብር ደመወዝ ይዘህ 20 በመቶ ቢወሰንልህ፣ የ6,000 ብር 47 በመቶ 2,820 ነው፣ በ60 ሲባዛ 169,200፣ የዚያ 20 በመቶ 33,840 ብር። መሥራት ጨርሶ ካልቻለ ደግሞ በየወሩ 47 በመቶውን የጉዳት ጡረታ ያገኛል። የአገልግሎት ጡረታው ከዚህ ከበለጠ የሚበልጠው ይከፈለዋል። ሞት ከመጣ ለተተኪዎቹ ያልፋል። በ2014 አዋጁ በ1267 ተተክቷል፣ ስትጽፉ አዲሱን ጥቀሱ።

በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 ይጨምራል። ሰው ይህን ለስተርጅና ብቻ ይመስለዋል። የእጅ አንጓ እዚያ ውስጥ አለ።

ችግሩ ቦርዱ የሚያየው ወረቀት ነው። ማህደሯ ውስጥ ያለው "የሕመም ፈቃድ" ከሆነ መቶኛው ቢወሰን እንኳ የሥራ ጉዳት ለመሆኑ ማስረጃ የለም። ስለዚህ ያ ቅጽ ይስተካከል የምለው ለአሁኑ ደመወዝ ብቻ ብዬ አይደለም።

የታቦር ልጅ · ዓርብ ከምሽቱ 2፡15

ማመልከቻው ገብቷል። ገቢ ቁጥር አስሰጥተን የእኛ ኮፒ ላይ ማህተም አስመትተናል። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ፈረመች፣ አንዱ "ላስብበት" ብሏል። የፊርማ መዝገቡን ኮፒም አግኝተናል፣ ጋሼ እንዳሉት የመውጫው ባዶ ነው። ሰው ሀብት ግን ዛሬ አንድ ነገር አነሳ። "የሆስፒታሉ ካርድ ላይ ያለው ቀንና ማመልከቻው ላይ ያለው ቀን አይገናኝም" ይላል። እኛም ስናየው አይገናኝም!

ሲስተር ከአቶቴ · ዓርብ ከምሽቱ 2፡24

ካርዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል የተጻፈው። አንዳንዱ ሐኪም እንደሱ ነው የሚጽፈው። ወሩን እይው።

የታቦር ልጅ · ዓርብ ከምሽቱ 2፡29

ወይ ጉድ፣ በፈረንጅ ነው። ስቀይረው ያው ቀን ነው።

ጡረተኛው · ዓርብ ከምሽቱ 2፡50

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ አሠሩ። "በሥራ ቦታ ወድቃ" የሚለውም ካርዱ ላይ ካለ ማስረጃው ላይ እንዲገለበጥ ጠይቁ። ሲሰጧችሁ ዋናውን ለመሥሪያ ቤቱ አትስጡ፣ ከዋናው ጋር አመሳክረው ኮፒውን ይቀበሉ።